ከዝርዝሩ ውጭ የቀረችው ለቃሚ፦ ስለ ማኅበራዊ ሥራ ፈጠራና ስለ ኩባንያዎች ዘላቂነት ጥናት ምን አስተማረን?

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች፣ ነጋዴዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤ ስለ ማኅበራዊ ሥራ ፈጠራና ስለ ኩባንያዎች ዘላቂነት እንድናገር ወደ ጅማ ጋብዛችሁኛል። ስለዚህ ጉዳይ በአዲስ አበባ ሆቴሎች አዳራሽ ብዙ ይባላል። ቡና በሚለቀምበትና በሚታጠብበት አገር መካከል ቆሞ መናገር ግን ሌላ ኃላፊነት ነው፤ የምለውን ነገ ጠዋት ማጠቢያ ጣቢያ ሄዶ ማጣራት የሚችል ሰው ከፊቴ ተቀምጧልና።

ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አንድ ድርጅት «ለሕዝብ ጥቅም እሠራለሁ» ወይም «ተፈጥሮን እጠብቃለሁ» ሲል፣ ቃሉ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ድርጅቱ በያዘው ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ሰዎች ብቻ በመጠየቅ አይደለም፤ ከዝርዝሩ የቀሩትን ፈልጎ በማግኘት ነው። በዚህ መስክ ከተሠሩት ጥናቶች ውስጥ ይህን ነጥብ ጎልቶ እንዲታይ ያደረጉት አንዳንዶቹ በኢትዮጵያ ምድር የተሠሩ መሆናቸው ደግሞ ጉዳዩን የራሳችን ያደርገዋል። መጀመሪያ የሁለቱን ሐሳቦች አመጣጥ ባጭሩ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ቡናችን ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ። ቀጥዬ ወደ ብድርና ወደ ፋብሪካ ሥራ አልፋለሁ፤ በመጨረሻም ከአውሮፓ ስለመጣብን አዲስ ሕግ ጥቂት እላለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከማኅበራዊ ሥራ ፈጠራ ልጀምር። ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ የምንለው የኅብረተሰብን ችግር ለመፍታት ተብሎ የተቋቋመ፣ ነገር ግን እጁን ለዕርዳታ ዘርግቶ ሳይሆን ነግዶና ሸጦ የሚተዳደር ድርጅት ነው። ከምሳሌዎቹ ሁሉ የታወቀው የባንግላዴሹ ነው። የኢኮኖሚክስ መምህር የነበሩት ሙሐመድ ዩኑስ በ1976 ቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለችው ጆብራ መንደር ለ42 ሰዎች በድምሩ 27 ዶላር ከኪሳቸው አበደሩ። ከዚያ የተነሣው ሥራ በ1983 ግራሚን ባንክ ሆነ፤ በ2006 ባንኩና መሥራቹ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተካፈሉ። አሜሪካዊው ቢል ድሬይተን በበኩላቸው እንዲህ ያሉ ሰዎችን ፈልጎ የሚደግፈውን አሾካ የተባለ ድርጅት በ1980 መሠረቱ። ምሁራን ደጋግመው የሚጠቅሱት የፕሮፌሰር ግሪጎሪ ዲስ አጭር ጽሑፍ የወጣው በ1998 ነው። ዲስ የማኅበራዊ ሥራ ፈጣሪን ባሕርያት ሲዘረዝሩ ተጠያቂነትን አልዘነጉም፤ እንዲህ ያለ ሰው ለሚያገለግላቸው ወገኖችና ለሥራው ውጤት ከሌላው ነጋዴ ይበልጥ መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ያምናል ብለዋል።

ይሁንና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የወጡት ጽሑፎች አብዛኞቹ የመሥራቾችን የሕይወት ታሪክ የሚተርኩ ነበሩ። እኛም ዘንድ ሲወሳ የሚኖር ታሪክ አለ። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ውስጥ ከበረባሶ ተነሥተው፣ ከአሮጌ ጎማና በእጅ ከተፈተለ ጥጥ የተሠራ ጫማ በሶል ሬብልስ ስም ለዓለም ገበያ አቅርበዋል። የሰፈሩ ልጆች በሰፈራቸው ሥራ ማግኘታቸው እኔን እስከ ዛሬ ያስደስተኛል። ተመራማሪ ሆነን ስንመለከተው ግን ከተሳካላቸው ታሪክ ብቻ ትምህርት መውሰድ፣ ዕጣ የወጣላቸውን ሰዎች ብቻ ጠይቆ ሎተሪ ሰውን ያበለጽጋል ብሎ እንደመደምደም ነው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ቅን ልብ ጀምረው የከሰሩት የት አሉ? የሠራተኞቻቸውስ ኑሮ ያለ እነሱ ምን ይሆን ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ የሕይወት ታሪክ አይበቃም፤ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል።

የኩባንያዎች ዘላቂነት የሚባለው ሌላው ጅረት ከትልልቆቹ ድርጅቶች በኩል የመጣ ነው። ሚልተን ፍሪድማን በ1970 በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ፣ የአንድ ኩባንያ ማኅበራዊ ኃላፊነት ሕጉን ሳይጥስ ትርፉን ማሳደግ ነው ሲሉ ተከራከሩ። በ1987 በኖርዌያዊቷ ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ደግሞ የዛሬው ትውልድ ልማት የነገውን ትውልድ ዕድል ሊዘጋበት አይገባም የሚለውን ሐሳብ በዓለም አሰራጨ። እንግሊዛዊው ጆን ኤልኪንግተን በ1994 ይህን ወደ ሒሳብ ክፍል አወረዱት፦ ኩባንያ ትርፍና ኪሳራውን በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሰውና በምድርም ላይ ያስላ አሉ። ሐሳቡ ተወደደ፤ የዘላቂነት ዘገባ የማያወጣ ትልቅ ኩባንያ ዛሬ ማግኘት ያስቸግራል። ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይተው ግን ራሳቸው ኤልኪንግተን በ2018 ቅሬታቸውን ጻፉ። ሥርዓቱን ይቀይራል ብለው ያመጡት ሐሳብ የሒሳብ መሙያ ቅጽ ሆኖ ቀረ ብለው ነው ያዘኑት። አንድ ሐሳብ ያመነጨ ሰው በአደባባይ ወጥቶ እንዲህ ማለቱ ትልቅ ድፍረት ነው፤ የሌሎችም አርአያ ቢሆን እወዳለሁ።

የእሳቸውን ቅሬታ በቁጥር ያስደገፈ ጥናት በ2022 ወጣ። ቤርግ፣ ኮልበልና ሪጎቦን የተባሉ ተመራማሪዎች ኩባንያዎችን በአካባቢ ጥበቃ፣ በማኅበራዊ ጉዳይና በአስተዳደር ነጥብ የሚሰጡ ስድስት ታዋቂ መዛኝ ድርጅቶችን አወዳደሩ። መዛኞቹ ሙሉ በሙሉ ቢስማሙ ውጤቱ 1፣ ነጥባቸው ጨርሶ ባይገናኝ 0 ይሆናል። የተገኘው አማካይ 0.54 ነው። የኩባንያዎችን ብድር የመክፈል አቅም የሚመዝኑት ድርጅቶች በአንጻሩ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣሉ። አለመግባባቱ ከየት መጣ ተብሎ ሲፈተሽ፣ ከግማሽ የሚበልጠው አንዱን ጉዳይ በተለያየ መንገድ ከመለካት የመጣ ሆኖ ተገኘ። የሠራተኛን ደኅንነት አንዱ ኩባንያው ባወጣው መመሪያ ይለካዋል፤ ሌላው በደረሱት አደጋዎች ብዛት። ሁለቱም «ስለ ሠራተኛ» ነጥብ ሰጡ ይባላል። የባለሀብቱ ገንዘብ የሚሄደው በእንዲህ ያለ ነጥብ እየተመራ መሆኑን ልብ ልንል ይገባል።

እስከዚህ ያለው መንደርደሪያ ነው። አሁን ወደ ቡና ልምጣ።

ቡና ላይ ማኅበራዊ ሥራ ፈጠራና የኩባንያ ዘላቂነት ተገናኝተዋል። በአንድ ወገን የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች አሉ። በ1999 የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩት አቶ ታደሰ መስቀላ በ2006 በወጣው «ብላክ ጎልድ» ዘጋቢ ፊልም ስለ ገበሬው ዋጋ ሲሟገቱ ዓለም አይቷቸዋል። በሌላ ወገን ቡናውን ቆልተው የሚሸጡት የውጭ ኩባንያዎች ደንበኞቻቸውን ለማሳመን የሚፈልጉት የምስክር ወረቀት አለ፦ ፌርትሬድ፣ ኦርጋኒክ፣ ሬይንፎረስት አሊያንስ። ፌርትሬድ ለአባላት የዋጋ ወለል ያስቀምጣል፤ ከዋጋው በላይም ለጋራ ልማት የሚውል ተጨማሪ ክፍያ አለው። ከዚያ ገንዘብ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ መንገድና የውኃ መስመር ይሠራል። አፍ ሞልቶ የሚነገርለት ሥራ ነው።

አሁን ግን የመልቀሚያው ወቅት ሲደርስ ማጠቢያ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆመን እንይ። ሲመሻሽ እሸት ቡና የያዘ ጆንያ በሰው ትከሻም በአህያም ይደርሳል። ቀይ ፍሬው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ አረንጓዴው ከተገኘበት ይለይና ይመለሳል። መዝጋቢው የአባሉን ስም ጠርቶ ኪሎውን ይጽፋል፤ ደረሰኝ ይቆረጣል። ዓመቱ ዞሮ የትርፍ ክፍፍል ሲመጣ የሚቆጠረው ያ ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም የባለማሳው ነው። ፍሬውን ከጠዋት ጀምሮ ቅርንጫፍ እያጎነበሰች ስትለቅም የዋለችው ሴት ግን ባለማሳ ካልሆነች ስሟ በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። በኪሎ ሒሳብ የዕለት ክፍያዋን ተቀብላ ትሄዳለች። ጣቢያው ውስጥ በማድረቂያው አልጋ ዙሪያ ቆመው የተጎዳውን ፍሬ የሚለቅሙት ሴቶችም እንዲሁ የቀን ሠራተኞች ናቸው። መሬት የላቸውም፤ መሬት ስለሌላቸው አባል አይደሉም፤ አባል ስላልሆኑ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ እጃቸውን አያወጡም።

የሎንዶን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች፣ ክሪስቶፈር ክሬመር፣ ዴቦራ ጆንስተን፣ ካርሎስ ኦያና ጆን ሴንደር፣ ትኩረታቸውን ያሳረፉት እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያና በኡጋንዳ አራት ዓመት የፈጀው ጥናታቸው በ2014 ወጣ። እኔ ትልቁ ብልሃታቸው የምለው፣ የሚጠየቁትን ሰዎች ስም ከማኅበሩም ከአሠሪውም አለመውሰዳቸው ነው። በየመንደሩ ቤት ለቤት እየዞሩ ነዋሪውን ሁሉ መዘገቡ፤ በደሞዝ የሚሠራውን ከዚያ መዝገብ በዕጣ አወጡ። ማኅበሩ «አባሎቼ እነዚህ ናቸው» ብሎ ከሰጠው ዝርዝር ቢነሡ ኖሮ ያቺን ለቃሚ መቼም አያገኟትም ነበር።

ያገኙት ነገር ብዙ ሰው አስቆጣ። ፌርትሬድ ባለባቸው አካባቢዎች የቀን ሠራተኞች ክፍያና የሥራ ሁኔታ፣ ፌርትሬድ ከሌለባቸው ተመሳሳይ አካባቢዎች የተሻለ አልነበረም፤ በብዙ መለኪያ ያንስ ነበር። በተጨማሪ ክፍያው የተሠራው አገልግሎት ሁሉ ለድኾች የሚደርስ እንዳልሆነም አዩ። በኡጋንዳ አንድ የሻይ ማኅበር ውስጥ በዚያ ገንዘብ የተሠራው ዘመናዊ መጸዳጃ ቤት የሚያገለግለው የበላይ ኃላፊዎችን ብቻ ነበር። የፌርትሬድ ድርጅት በበኩሉ ንጽጽሩን ተቃወመ። ትንንሽ ገበሬዎች የተደራጁበትን ማኅበር ከትልልቅ እርሻዎች ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም፤ ትልቁ እርሻ የተሻለ የመክፈል አቅም አለው አለ። ይህ ተቃውሞ ዋዛ አይደለም፤ ጥናቱን ስናነብ አብረን ልንይዘው ይገባል። ቢሆንም ለቃሚዋን የሚመለከት መልስ አልሰጠም። የአሠሪዋ ማሳ ትንሽ ስለሆነ ደመወዟ ማነሱ የሚጠበቅ ነው ቢባል እንኳ፣ ፓሪስና ቺካጎ ውስጥ ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ የሚገዛው ጠጪ እየከፈልኩላት ነው ብሎ የሚያስበው ለእሷም ጭምር ነው።

ይህን ስል ማኅበራቱን ለማጣጣል አይደለም። ገበሬው ራሱ ከሰብሳቢና ከአቅራቢ ጋር ሲደራደር አቅም ያገኘው በማኅበሩ ነው፤ ያንን ማንም ሊክድ አይችልም። ደግሞም ብዙው አነስተኛ ገበሬ ራሱ ችግረኛ ነው። ለቃሚዋን በደንብ የማይከፍላት ስለጨከነ ብቻ ሳይሆን፣ እሱም ከዋጋው የሚደርሰው ጥቂት በመሆኑ ጭምር ነው።

እዚሁ ጅማ ዙሪያና በደቡብ ምዕራብ የተሠሩት ጥናቶች ነገሩን ይበልጥ ያብራሩታል። በ2012 በጅማ ዞን ላይ የታተመ ጥናት፣ የምስክር ወረቀት በገበሬው ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ አነስተኛ መሆኑን አሳየ። ምክንያቶቹ የምርታማነት ማነስ፣ ተጨማሪው ዋጋ እዚህ ግባ የማይባል መሆኑና ማኅበራቱ ለአባላት ብድርና መረጃ በሚገባ አለማድረሳቸው ናቸው። በ2017 ደግሞ ከጅማ ዩኒቨርሲቲና ከቤልጅየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ ተመራማሪዎች የምስክር ወረቀቶቹን እርስ በርስ አወዳደሩ። ሬይንፎረስት አሊያንስ፣ እንዲሁም ፌርትሬድና ኦርጋኒክ ተዳምረው ሲገኙ፣ በተሻለ ዋጋ ምክንያት የገበሬውን ገቢ ከፍ አድርገዋል። ፌርትሬድ ለብቻው ሲሆን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ኦርጋኒክ ለብቻው ሲሆን ደግሞ ምርቱን ስለቀነሰው ገቢውን ዝቅ አድርጎት ተገኝቷል። ከረጢቱ ላይ ጎን ለጎን ሲለጠፉ ሁሉም «ጥሩ ቡና» የሚል አንድ መልእክት ያላቸው ይመስላሉ፤ ገበሬው ቤት ሲገቡ ግን ውጤታቸው እንዲህ ይለያያል።

ለደኑስ? በበለጠ ገራ ደን ላይ ጃፓናውያኑ ታካሐሺና ቶዶ የሳተላይት ምስል ተጠቅመው በ2013 ያሳተሙት ጥናት አስደሳች ነው። የምስክር ወረቀት ያገኘው የጫካ ቡና ያለበት ደን ከሌላው ይልቅ ከመመንጠር ተርፏል። ገበሬው ከጥላው ሥር ያለው ቡና የተሻለ ዋጋ ሲያወጣለት ዛፉን የመቁረጥ ምክንያቱ ይቀንሳል ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን የሥነ ምህዳር ባለሙያዎቻችን የሚያነሡትን ሥጋት መስማት አለብን። የጫካው ቡና ወደ ከፊል ጫካ ቡና ሲለወጥ የታችኛው ቁጥቋጦ ይመነጠራል፣ ከቡናው ጋር የሚሻማው ችግኝ ይነቀላል። ከሳተላይት ሲታይ ደኑ እንዳለ ነው፤ የነገዎቹ ቀረሮና ዋንዛ ግን ከሥር እየበቀሉ አይደሉም። የዛፍ ጥላን ብቻ የሚለካ መለኪያ፣ የኪሎ ደረሰኙ ለቃሚዋን እንደሚስታት፣ እነዚህን ችግኞች ይስታቸዋል።

አሁን ከቡና ልውጣና ስለ ብድር ላንሣ። የዩኑስ ሐሳብ በዓለም ዙሪያ ሲስፋፋ ብድር ድኽነትን ከሥሩ ይነቅላል የሚል ትልቅ ተስፋ ተይዞበት ነበር። በጥር 2015 በአንድ የአሜሪካ የኢኮኖሚክስ መጽሔት ዕትም ላይ ከስድስት አገሮች የተገኙ ጥናቶች አንድ ላይ ወጡ፦ ከቦስኒያ፣ ከሕንድ፣ ከሜክሲኮ፣ ከሞንጎሊያ፣ ከሞሮኮና ከኢትዮጵያ። የእኛው በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች ከ2003 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የተካሄደ ነው። አበዳሪዎቹ ዛሬ ጸደይ ባንክና ሲንቄ ባንክ ሆነው ያደጉት የሁለቱ ክልሎች የብድርና ቁጠባ ተቋማት ነበሩ። ከ130 በላይ ከሚሆኑ የገበሬ ቀበሌዎች ውስጥ አገልግሎቱ ቀድሞ የሚገባባቸው በዕጣ ተለዩ፤ ዕጣው ያልደረሳቸው ማነጻጸሪያ ሆኑ። ብድሩ የገባባቸው ቀበሌዎች በርግጥ ብዙ ተበደሩ። በገቢም ሆነ በሌሎቹ የኑሮ መለኪያዎች ላይ ግን ይህ ነው ተብሎ የሚጠቀስ ጉልህ ለውጥ አልታየም። የስድስቱም አገር ጥናቶች ድምዳሜ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ብድር ለአንዳንዱ ይጠቅማል፣ የተባለውን ያህል ኑሮ አይለውጥም።

እኔ ከዚህ የምወስደው ብድር ይቅር የሚል አይደለም። ክረምት ላይ ለማዳበሪያ ያጠረው ገበሬ፣ የአራጣ አበዳሪ ደጅ ከመጥናት የሚያድነው ተቋም ማግኘቱ በራሱ ክብር ነው። የምቃወመው ተስፋው ከማስረጃው በብዙ ዓመት ቀድሞ መሄዱን ነው። ያለ ማነጻጸሪያ ቀበሌ ይህ ባልታወቀ ነበር፤ ከተበዳሪዎቹ ውስጥ የተሳካላቸው እየተመረጡ ፎቶግራፋቸው በዓመታዊ ዘገባዎች ላይ ይወጣ ነበርና።

ቀጣዩ ጥናት ከብድር ወደ ፋብሪካ ያስገባናል። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ ካሉ አምስት ድርጅቶች ጋር ተስማምተው፣ ሥራ ፈልገው ያመለከቱ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታተሉ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። በዕጣ አንዱ ቡድን የፋብሪካውን ሥራ አገኘ፤ ሌላው 300 ዶላር ስጦታና አጭር የንግድ ሥልጠና አገኘ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ሳያገኝ በራሱ መንገድ ሄደ። ሥራውን ካገኙት ሢሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ከመቶ 77ቱ ወጥተው ነበር። ገቢያቸው ሥራውን ካላገኙት አልበለጠም፤ ከባድ የጤና እክል የገጠማቸው ግን በዙ። ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት በአንጻሩ በዓመቱ ገቢያቸው በ33 በመቶ ከፍ አለ።

እዚህ ቢቆም ኖሮ «ፋብሪካ ይዘጋ፣ ለሁሉም ገንዘብ ይታደል» የሚል ሰው ባልጠፋ። ተመራማሪዎቹ ግን ከሲሞን ፍራንክሊን ጋር ሆነው ከአምስት ዓመት በኋላ ሰዎቹን ፈልገው ጠየቁ። ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ አገኙት። ፋብሪካ የገቡትም፣ ገንዘብ ያገኙትም፣ ምንም ያላገኙትም ተመሳሳይ ኑሮ ላይ ደርሰዋል። ብዙዎች ለንግድ የጀመሩትን ሥራ ትተዋል፤ ያልጀመሩትም የየራሳቸውን መንገድ አግኝተዋል። ይህን ሳነብ የተሰማኝ ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ለእነዚያ ሴቶች የመታገል ችሎታ አክብሮትም አድሮብኛል። ለእኛ የሙያ ሰዎች ደግሞ ከባድ ትምህርት አለው። የአንድ ዓመት ውጤት ይዘን ፖሊሲ እንዲቀየር የምንጎተጉት ከሆነ፣ ቢያንስ አምስተኛውን ዓመት ለማየት መዘጋጀት አለብን። የዕርዳታ ፕሮጀክት የሚዘጋው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ዓመት መሆኑን እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። በ2016 ሲመረቅ የፍሳሽ ውኃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት፣ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የማይለቅ ሥርዓት ስለነበረው በአካባቢ ጥበቃ አርአያ ተባለ። ይገባዋልም፤ ሐይቁ መትረፉ ትልቅ ነገር ነው። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ባወጣው ዘገባ መሠረት ግን የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በዓለም ለውጭ ገበያ ልብስ ከሚያመርቱት ሁሉ ዝቅተኛው ማለት ነው። ውኃው ተለክቷል፤ ከገጠር መጥታ ለአንድ ክፍል ቤት ኪራይ ከሌሎች ልጆች ጋር የምታዋጣው ወጣት ግን በዚያ መለኪያ ውስጥ አልገባችም። በኅዳር 2021 ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሳቢያ በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ መዝጋቱን አስታወቀ፤ በጥር 2022 አገራችን አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ወጣች። በዘላቂነት ዘገባ ውስጥ ኩባንያው አገር ለቆ ሲወጣ ሠራተኛው ምን ይሆናል የሚል ምዕራፍ እምብዛም አይገኝም። እንዲኖር መጠየቅ ያለብን እኛ ነን።

ወደ መጨረሻው ነጥቤ መጣሁ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባጸደቀው ሕግ መሠረት ቡና፣ ካካዎ፣ የዘንባባ ዘይት፣ አኩሪ አተር፣ ጎማ፣ እንጨትና የቀንድ ከብት ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ከተመነጠረ ደን የመጡ ከሆኑ አውሮፓ መግባት አይችሉም። አስመጪው የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ ማሳየት አለበት። ሕጉ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ዝግጅቱ ግን በየዩኒየኑ ተጀምሯል። ማሳው ከግማሽ ሄክታር ያልበለጠ ገበሬ በበዛበት አገር ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ወጪው ካልተደገፈ ገዢዎች የሺህ ገበሬዎችን ነጥብ ከመሰብሰብ ይልቅ አንድ ትልቅ እርሻ መምረጥ ይቀናቸዋል፤ ደኑን ጠብቆ የኖረው አነስተኛ ገበሬ ደን ለማዳን በወጣ ሕግ ከገበያ ሊወጣ ይችላል። ሥጋቴ እውን እንዳይሆን የማሳው መረጃ በገበሬውና በማኅበሩ እጅ ይሁን፤ ለአንድ ገዢ ብቻ ተሰጥቶ ገበሬውን የሚያስር እንዳይሆን አሁኑኑ ውል ሊበጅለት ይገባል።

ይኸው ሕግ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ሌላ አንቀጽ አለው። ምርቱ የተመረተበትን አገር ሕግ፣ የሠራተኛ መብትን ጨምሮ፣ አክብሮ የተመረተ መሆኑን ይጠይቃል። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ደግሞ አነስተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። እነዚህ ሁለቱ ከተገናኙ ለቃሚዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ ትገባለች ማለት ነው። ለዚህ የብራስልስ ተቆጣጣሪ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገንም። በማጠቢያ ጣቢያው መዝገብ ላይ ከአባሉ ስም ቀጥሎ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ የለቀመው ማን ነው፣ በኪሎ ስንት ተከፈለው? የዩኒየኑ አመራሮች እዚህ አላችሁ፤ ይህን ለመወሰን የእናንተ ጠቅላላ ጉባኤ ይበቃል። ገበሬው «ተቆጣጣሪ መጣብኝ» ብሎ እንዳይሸሽ ከተጨማሪ ክፍያው ላይ የተወሰነው ለለቃሚ ክፍያ መደጎሚያ እንዲሆን አብሮ መወሰን ይቻላል።

ከዩኒቨርሲቲው የምጠይቀውም አለኝ። የማስተርስ ተማሪዎቻችሁ በየዓመቱ በቡና ላይ የሚጽፉት ጥናት አብዛኛው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። መጠይቃቸውን ለማኅበሩ አባላት ብቻ ሳይሆን እነክሬመር እንዳደረጉት በየቤቱ ይዙሩበት፤ ያገኙትን ደግሞ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ሁለት ገጽ አድርገው ለማኅበሩ ጉባኤ ያንብቡ። በሚቀጥለው የመልቀሚያ ወቅት ሦስት ጣቢያዎች ላይ ቢጀመር፣ በአምስተኛው ዓመት ተመልሰን የምንወያይበት የራሳችን መረጃ ይኖረናል። ይህን በተመለከተ ከመምህራኑ ጋር ዛሬ ማታ ጀምረን ልንነጋገር ተስማምተናል፤ ከማኅበራቱ በኩል መሳተፍ የምትፈልጉ ስማችሁን በሩ ላይ ላሉት ወጣቶች አስመዝግቡ። አሁን ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ ዕድሉ የእናንተ ነው።